ጋሽ አራጋው ተጋድመው ያዩት ጣራ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ጻፍኩ ብል የግድግዳ ርዝመት፣ የሲሚንቶ ከረጢት ቁጥርና በማዘጋጃ ቤት መዝገብ ላይ የደብዳቤ መግቢያና መውጫ ቀን ነው። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ሰው ፊት ስቆም ድምፄ ስለሚጠፋ ግን፣ ስለ ጋሽ አራጋው የማውቀውን አስቀድሜ ወረቀት ላይ ላስቀምጠው ብዬ ተቀመጥኩ።

መሞታቸውን የሰማሁት ባጃጅ ውስጥ ነው። ከቆቦ ገበያ ስመለስ ከጎኔ የተቀመጠች ሴት ለሹፌሩ፣ "ያ ነፍሰ ጡሯን በጣራ የገደለው ሰውዬ ሞተ አሉ" አለችው።

"የቱ?"

"ተቆጣጣሪው ነዋ። አራጋው።"

"ነፍስ ይማር" አለ ሹፌሩ፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ "ነፍስ ካለው" ብሎ ጨመረበት። ሴትዮዋም ሳቀች።

እሳቸው አልገደሉም ማለት ነበረብኝ። መውረጃዬ ሳይደርስ "ወራጅ" ብዬ ወረድኩና የቀረውን መንገድ በእግሬ ሄድኩ።

የከተማችንን ስም አልጽፈውም። በራያ ቆላ፣ አስፋልት ዳር ካሉት ትናንሽ ከተሞች አንዷ ናት ማለት ይበቃል። በእኛ አገር ዝናብ ሊመጣ ሲል አስቀድሞ የሚመጣው ነፋስ ነው። በአፋር በኩል አቧራውን እንደ ግድግዳ አቁሞ ይነሳል፤ ሰው ልብሱን ከገመድ ላይ ለመሰብሰብ እንኳ ጊዜ አያገኝም። ለዚህ ነው በየቤቱ ቆርቆሮ ላይ ድንጋይና ያረጀ የመኪና ጎማ የሚጫነው።

ጋሽ አራጋው የማዘጋጃ ቤቱ የግንባታ ተቆጣጣሪ ነበሩ። ክፍሉ በር ላይ "ቡድን" ተብሎ ተጽፏል፤ ቡድኑ እሳቸው ብቻ ነበሩ። እኔ ቢሮ የምጠርግና ደብዳቤ የማደርስ ነኝ። ሜትር የሚይዝላቸው ሰው ስላልተቀጠረላቸው አንድ ቀን መጥረጊያ እንደያዝኩ በር ላይ አገኙኝና፣ "ነይ እስቲ ጦይባ፣ ጫፉን ያዢልኝ" አሉኝ። ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ጫፉን ያዝኩ።

ረጅም፣ ቀጭን፣ ትንሽ ጎበጥ ያሉ ሰው ነበሩ። በኮታቸው ኪስ ሁልጊዜ ግድግዳ መቅናቱን የሚያዩበት ቱንቢ አለ፤ ክሩ ወጥቶ እየተንጠለጠለ ሰዎች "የጋሽ አራጋው ክታብ" ይሉት ነበር። ሰላምታቸውም የብቻቸው ነው። ሌላው ሰው ስለ ልጅ፣ ስለ ከብት፣ ስለ አዝመራ ይጠያየቃል። እሳቸው የሚጠይቁት ስለ ጣራ ነው።

"ጣራህ እንዴት ሰነበተ?"

"አልሐምዱሊላህ፣ እስካሁን አለ።"

"መኖሩንማ አየዋለሁ። ታስሯል ወይ ነው የምልህ።"

አዲስ ቤት ሊያዩ ሲሄዱ መጀመሪያ ግድግዳውን በጣታቸው ቋ ቋ እያደረጉ ይዞሩታል። ቀጥሎ ባዶ የሲሚንቶ ከረጢት ወለሉ ላይ ያስነጥፉኛል። በጀርባቸው ይጋደሙና ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጣራውን ከውስጥ ያዩታል። ችኮላ የሚባል ነገር የለም። ግንበኞቹ ዙሪያውን ቆመው ይሳሳቃሉ።

"አቦ ጋሽ አራጋው፣ ብርድ ልብስ እናምጣልዎ?" አላቸው አንድ ቀን አናጺው።

"ለራስህ ያዘው። ይህ ጣራ ሲሄድ የሚበርድህ አንተን ነው።"

ለምን እንደሚጋደሙ አንድ ቀን እንደምንም ብዬ ጠየቅኳቸው። ሳይስቁ መለሱልኝ። "ቆሜ ሳየው የቆመ ቤት ነው። ተጋድሜ ሳየው ሲሄድ ይታየኛል። የቱ ጋ እንደሚላቀቅ፣ በየት በኩል እንደሚነሳ።"

ሁሉም ሰው ይወዳቸው ነበር ብዬ ብጽፍ ውሸት ይሆናል። እትዬ ዘውዴ የምትባል ባሏ የሞተባት ጎረቤታችን ሁለት ክፍል ሠርታ ቆርቆሮ ካለበሰች በኋላ ጣራውን አስወረዷት። ጣራውን የሚያስር ሽቦ የለውም ብለው ነው። አልቅሳ ለመነቻቸው፤ ልጆቿን ይዛ ሰው ቤት ተጠጋች። እሳቸው አልረዷትም፤ ይቅርታም አልጠየቋትም። በሦስተኛው ቀን ሽቦ አስገብታ መልሳ ስታለብሰው መጥተው ከረጢታቸውን አስነጥፈው ተጋደሙና፣ "አሁን ይሁን" ብለው ሄዱ። በዚያው ዓመት ነፋሱ የሰፈሩን ግማሽ ሲገልጥ የእሷ ጣራ ቀረ። አመሰገነቻቸው? አላመሰገነችም። እስከ ዛሬ ስማቸው ሲነሳ ፊቷን ታዞራለች።

እኔን ግን ፊደል አስታወሱኝ። የሚለኩትን በደብተራቸው ላይ እኔ ነበርኩ የምጽፈው። ሪፖርት ሲጽፉ ደግሞ፣ "አንብቢልኝ፣ ከሌላ ሰው አፍ ልስማው" ይሉኛል። መጀመሪያ ፊደል እየቆጠርኩ ነበር። በኋላ ሳልቆም ማንበብ ቻልኩ።

የዚያ ቤት ነገር የመጣው ከጦርነቱ በኋላ ነው። ጤና ጣቢያው ተጎድቶ ስለነበር፣ ከሩቅ የሚመጡ ነፍሰ ጡሮች እስኪወልዱ የሚቆዩበት ቤት እንደገና ተሠራ። ንድፉ ከላይ የመጣ ነው፤ ለደጋም ለቆላም አንድ ነው። ፊቱን በሙሉ ሰፊ በረንዳ ነበረው፤ በረንዳውም የሚያየው ወደ አፋር ነው። መሠረት ሲጣል ጋሽ አራጋውን ማንም አልጠራቸውም። የጠሯቸው ቀለም ተቀብቶ ሲያልቅ ነው።

እንደ ልማዳቸው ተጋደሙ። ሲነሱ ጀርባቸውን አራገፍኩላቸው። ቤት ሲሠራ የግድግዳው አናት ላይ ዙሪያውን ኮንክሪት ይሞላል፤ እሱ ሲሞላ ወፍራም ሽቦ እየተቀበረ ጫፉ ወደ ላይ መቅረት አለበት፤ የጣራው እንጨት የሚታሰረው በዚያ ነው። እዚያ ቤት ላይ አንድም ሽቦ አልነበረም።

"ይህ ጣራ ተቀምጧል እንጂ አልታሰረም" አሉ።

ፎርማኑ ተቆጣ። "ሚስማር መትተንበታል እኮ ጋሼ። ያውም አሥር ቁጥር።"

"ሚስማሩ እንዳይንሸራተት ይይዘዋል። ነፋስ ግን ወደ ላይ ነው የሚያነሳ።"

"ምረቃው ዘጠኝ ቀን ነው የቀረው። አሁን ኮንክሪት ሰብራችሁ ሽቦ ቅበሩ ነው የሚሉን?"

"አዎ። ነው የምል።"

ቢሮ ተመልሰን ሪፖርቱን ጻፉ። የመጀመሪያው ገጽ የታተመ ቅጽ ነው፤ "በቦታው ተገኝቼ አይቻለሁ" ከሚለው ሥር ፈረሙ። ሁለተኛውን ገጽ በእጃቸው ጻፉትና አነበብኩላቸው። ጣራው ከግድግዳው ጋር አልታሰረም ይላል። የበረንዳው ጣራ ከዋናው ጋር አንድ ስለሆነ ነፋስ ከሥር ይገባበታል ይላል። መጨረሻው ላይ፣ "ይህ እስኪስተካከል ድረስ ማንም ሰው እንዳያድርበት" ይላል። የስቴፕለሩ ሽቦ ካለቀ ሰንብቶ ነበር። ከሂጃቤ ላይ እስፒል ነቅዬ ሰጠኋቸው፤ ሁለቱን ገጽ በእሱ ሰፍተው፣ "አድርሽልኝ" አሉኝ።

የማዘጋጃ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ስልክ እያወሩ ተቀበሉኝ። ስልኩን ዘግተው አነበቡ። ሁለተኛውን ገጽ ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ እስፒሉን ቀስ ብለው ነቀሉ። የመጀመሪያውን ገጽ ፋይል ውስጥ፣ ሁለተኛውን መሳቢያ ውስጥ አደረጉና መሳቢያውን ቆለፉት። እስፒሉን በሁለት ጣት ይዘው ዘረጉልኝ።

"እስፒልሽን ያዢ። ሂጂ።"

ያዝኩ። ሄድኩ።

ጋሽ አራጋው፣ "ሰጠሽው?" አሉኝ። "ሰጠሁ" አልኩ። "አነበበው?" "አነበቡት።" ሁለቱም እውነት ነው። መሳቢያውን ግን አልነገርኳቸውም። ለምን እንዳልነገርኳቸው እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ። እናቴም እኔም የምንበላው በዚያ መጥረጊያ ነው። ፈራሁ።

ሴቶቹ በምረቃው ሰሞን እንደሚገቡ ሲሰሙ ጋሽ አራጋው ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገቡ። ምረቃው አይዘገይም ተብለው ወጡ። "ካልታሰረ ይጫን" አሉ። የሰፈሩን ሰው ለምነው ጣራው ላይ ድንጋይና ጎማ አስጫኑበት። እኔም ድንጋይ አቀበልኩ። ከዚያ እሳቸው ለስብሰባ ወልድያ ተላኩ።

ምረቃው ሁለት ቀን ሲቀረው ሥራ አስኪያጁ መጥተው ጣራውን አንጋጠው አዩት። "እንግዳ ሲመጣ ቆሻሻ መጣያ የመሰለ ቤት ልናሳይ ነው? ከተማዋን ልታዋርዱ ነው? አውርዱት!" የቀን ሠራተኞቹ ወጡ፤ እኔም ከሥር ቆሜ ተቀበልኩ። በእነዚሁ እጆቼ የጫንኩትን በእነዚሁ እጆቼ አወረድኩት። ቤቱ አምሮ ተመረቀ። ዳቦ ተቆረሰ፣ ተጨበጨበ። ድንጋዩን ማንም አልመለሰውም።

ጋሽ አራጋው ከወልድያ እንደተመለሱ ድንጋዩን መልሰው ሊያስጭኑ ወደ ግቢው ሄዱ። ጥበቃው በሩ ላይ ቆመባቸው። "ተመርቆ የተረከብነው ንብረት ነው ጋሼ። ያለ ደብዳቤ ጣራ ላይ አይወጣም።"

"ደብዳቤውን ማን ነው የሚጽፍልኝ?"

"ሥራ አስኪያጁ።"

ሦስት ጊዜ ጠየቁ። ደብዳቤው አልተጻፈም።

ግንቦት ውስጥ ለጤና ጣቢያው መልእክት ላደርስ ሄጄ አንዲት ሴት በረንዳው ላይ ተቀምጣ አየሁ። ከድጃ ነው ስሟ። ከዞብል በኩል ከእናቷ ጋር ነው የመጣች። ወሯ ገብቶ እግሮቿ አብጠው ነበር። "ነፋሻ ቦታ ሰጡን፣ አላህ ይስጣቸው" ብላ ሳቀችልኝ። እኔም ሳቅኩላት። ጣራውን አንጋጥጬ አየሁና መልእክቴን ላደርስ አለፍኩ።

ከሁለት ቀን በኋላ፣ ከሰዓት ላይ፣ አቧራው ተነሳ። ሰዎች እንደነገሩኝ ጣራው አልተሰባበረም። ከነእንጨቱ፣ ከነበረንዳው፣ እንደ ድስት ክዳን አንድ ላይ ተነሳ። አየር ላይ ተገልብጦ ግማሹ ተመልሶ ወደቀ። ውስጥ ከነበሩት አራት ሴቶች ሦስቱ ሮጠው ወጡ። ከድጃ መሮጥ አልቻለችም። የበረንዳው ምሰሶ እሷንም፣ በሆዷ ያለውንም ወሰደ። እናቷ ውሃ ልትቀዳ ወጥታ ነበር።

አጣሪ ኮሚቴ መጣ። ጠረጴዛው ላይ አንድ ገጽ ብቻ ተቀመጠ፤ "በቦታው ተገኝቼ አይቻለሁ"፣ ከሥሩም የጋሽ አራጋው ፊርማ።

"ሁለተኛ ገጽ ነበረው" አሉ ጋሽ አራጋው።

"ማን አደረሰው?"

"ጦይባ።"

ተጠራሁ። ሥራ አስኪያጁ ጥግ ላይ ተቀምጠው እስክሪብቶ ይከፍታሉ ይዘጋሉ። ሰብሳቢው፣ "ያደረስሽው ወረቀት ላይ ምን ይል ነበር?" ሲሉኝ የሂጃቤን ጫፍ ነከስኩ።

"ማንበብ አልችልም" አልኩ።

ሰብሳቢው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። ማንም አልተጠራጠረም። የምትጠርግ ሴት ማንበብ ባትችል ማን ይገረማል?

"ስንት ገጽ እንደነበረስ?"

"አላየሁም።"

የጋሽ አራጋው ደብተር ጉልበታቸው ላይ ነበር። ግማሹ በእኔ እጅ የተጻፈ ነው፤ ስሜም ሽፋኑ ላይ አለ። ገልጠው ቢያሳዩ ውሸቴ እዚያው ያልቅ ነበር። ደብተሩን አዩት፤ እኔን አዩኝ። ከዚያ አጥፈው ኪሳቸው ውስጥ ከቱንቢው ጋር ከተቱት።

"ልጅቷን ተዋት" አሉ። "ሥራ አላት።"

ከሥራ ታገዱ፤ ተከሰሱ። ቆቦ ፍርድ ቤት ሲመላለሱ መንገድ ላይ የሚያውቃቸው ሰው ሰላምታ ነሳቸው። ሥራ አስኪያጁ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወሩ፤ እድገት ነው ተባለ።

ከዚህ በኋላ ያደረጉትን ነው በሕይወቴ የማልረሳው። በአገራችን ሰው ሲሞት ጥፋተኛው ራሱ ወደ ሟች ቤት አይሄድም፤ ሽማግሌ ነው የሚልክ። ሽማግሌዎቹ ደጅ ላይ ይቀመጣሉ፤ የሟች ወገን ወጥቶ እስኪያናግራቸው ይጠብቃሉ። ጋሽ አራጋው ሽማግሌ ላኩ፤ ራሳቸውም ተከትለው ሄዱ። ራቅ ብለው ቁርቁራ ዛፍ ሥር ተቀመጡ። የከድጃ እናት እማ ፋጡማ በሩን አልከፈቱም። ደግመው ሄዱ። በሦስተኛው ቀን ስኳራቸው ተነስቶባቸው ስለነበር ውሃ ይዤ ተከተልኳቸው።

"ጋሼ፣ አንቱ ምን አጠፉና ነው?" አልኳቸው።

"ፊርማዬ አለበት።"

"ሁለተኛው ገጽስ?"

ሽማግሌዎቹ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ይታያሉ፤ በሩ እንደተዘጋ ነው።

"ሁለተኛውን ገጽ የጻፍኩ ለአለቃ ነው" አሉ። "መጻፍ የነበረብኝ በሩ ላይ ነበር። በከሰል። የምትገባዋ ሴት እንድታየው፣ ማንበብ ካልቻለችም ምን ይላል ብላ እንድትጠይቅ። እኔ ወረቀት ላይ ጻፍኩና ሥራዬን የጨረስኩ መሰለኝ።"

ስለ ውሸቴ ያን ቀን አላነሱብኝም። ከዚያ በፊትም፣ ከዚያ በኋላም አላነሱብኝም። ቢያነሱብኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥቅምት ላይ ሞቱ። የክስ መዝገቡ ተከሳሹ ስለሞቱ ተዘጋ። ስለዚያ ጣራ የሚጠየቅ ሰው ከእንግዲህ የለም ማለት ነው። የሞተው ሰው ጥፋተኛ ሆኖ ቀረ፤ ባጃጅ ውስጥም "ነፍስ ካለው" ተባለለት።

ትናንት ወደ ዞብል በኩል ሄድኩ። እማ ፋጡማ ደጃቸው ላይ ማሽላ ያበጥራሉ። "አሰላሙ አለይኩም" አልኩ። "ወአለይኩም ሰላም፣ የማን ልጅ ነሽ?" አሉኝ። ቁጭ በይ እስኪሉኝ አልጠበቅኩም፤ ብቆይ እንደምመለስ አውቃለሁ። ቆሜ ነገርኳቸው። ገጹን፣ መሳቢያውን፣ ኮሚቴው ፊት ያልኩትን። ድምፄ እየጠፋ፣ "ምን አልሽ?" እያሉ ብዙውን አስደገሙኝ።

"ወረቀቱን ሲቆልፈው አንቺ እያየሽ ነበር?"

"እያየሁ።"

"ድንጋዩንስ ማን አወረደው?"

"እኔም አውርጃለሁ።"

"ከድጃን ስትገባ አይተሻት ነበር?"

"በረንዳው ላይ አየኋት። ሳቀችልኝ።"

ሰፌዱን መሬት ላይ አስቀመጡት። አጥንታቸው የወጣ እጃቸው ማሽላው ላይ ቀረ። ይመቱኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢመቱኝም ደስ ባለኝ።

"ያን ቁርቁራው ሥር የሚቀመጠውን ሽማግሌ በበሩ ቀዳዳ አየው ነበር" አሉ በመጨረሻ። "ሦስቱንም ቀን። ውሃ እንኳ አላወጣሁለትም። እሱም ስለዚህ ወረቀት አንድ ቃል አልላከብኝ።"

"ወላሂ እማ ፋጡማ፣ አውፍ ይበሉኝ፣ ይቅር ይበሉኝ" አልኩ።

"ለኔ ብቻ ነግረሽ፣ ቀሎሽ ልትሄጂ ነው የመጣሽ?"

ከፊታቸው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

"ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሽማግሌ አስቀምጣለሁ" አሉ። "የአራጋውን ሚስት አስጠራለሁ። ያ መሳቢያ የቆለፈውም ያለበት ድረስ ይላክበታል፤ ቢመጣም ባይመጣም። አንቺ ከፊት ለፊቴ ነው የምትቀመጪ። ጮክ ብለሽ ተናገሪ፤ ጆሮዬ ደክሟል።"